የኮድ ረዳትን ኦብሲዲያን ውስጥ ማስገባት፦ ማስታወሻውን በአማርኛ ለሚይዝ ሰው

ኦብሲዲያን በተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ ላይ የሚጻፍ ማስታወሻ ሁሉ በራስዎ ኮምፒውተር፣ በአንድ ፎልደር ውስጥ፣ በማንኛውም የጽሑፍ መጻፊያ ሊከፈት በሚችል ተራ ፋይል ይቀመጣል። ክሎድ ኮድ፣ ኮዴክስና ጀሚኒ ሲኤልአይን የመሳሰሉት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የኮድ ረዳቶች ደግሞ ሥራቸው ፎልደር ገብቶ ፋይል ማንበብ፣ መፈለግና ማስተካከል ነው። የተሠሩት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ቢሆንም ፋይሉ የጃቫስክሪፕት ኮድ ይሁን የሰኞ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለእነርሱ ለውጥ የለውም። ሁለቱን ማገናኘት የሚቀለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ረዳቱን ማስታወሻው ያለበት ፎልደር ውስጥ መክፈት ብቻ ይበቃል።

ብዙ ሰው ረዳቱን የሚያስገባው ማስታወሻውን እንዲጽፍለት ነው። እኔ ይህን አልመክርም። ማስታወሻ የሚጠቅመው የጻፈው ሰው ራሱ ስላሰበበት ነው፤ በሌላ ተጽፎ የተከመረ ገጽ ከወር በኋላ ለባለቤቱም እንግዳ ይሆናል። በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው ያለው። «ሥራ» እና «ስራ» አንድ ቃል መሆናቸውን የሚያውቅ ፍለጋ ወይም ዕለታዊ ማስታወሻን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚሰይም መሣሪያ ከመተግበሪያው ጋር አይመጣም። የኮድ ረዳት እነዚህን ሊሠራ ይችላል፤ ኮድ ጽፎ ለማያውቅ ሰውም ቢሆን። ይህ መመሪያ ረዳቱን ከማስገባት ተነሥቶ እነዚህን ሁለት መሣሪያዎች እስከ ማሠራት ይዘልቃል።

የሚያስፈልጉት

ኦብሲዲያን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ በነጻ ይሠራል፤ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድርጅት ሥራ የሚጠቀሙበትም እንዲከፍሉ አይገደዱም። ከእርሱ ሌላ የፋይሎችን ታሪክ የሚመዘግበው ጊት የተባለው ነጻ ፕሮግራምና አንድ የኮድ ረዳት ያስፈልጋሉ። የእኔ ምሳሌዎች በክሎድ ኮድ ናቸው፤ በሌሎቹ ሲሆን የአንዳንድ ፋይሎች ስም ይለያል እንጂ አካሄዱ አንድ ነው። ክሎድ ኮድ የሚሠራው በወርሃዊ ክፍያ ወይም በተጠቀሙበት ልክ በሚከፈል ሒሳብ ነው። እነዚህ አገልግሎቶች በሁሉም አገር አይሰጡም፤ ስለዚህ ካርድዎን ከማውጣትዎ በፊት ያሉበት አገር በአገልግሎቱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለማይችል ሰው በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሞዴል (ረዳቱን የሚያንቀሳቅሰው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) አለ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ትእዛዞቹን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገቡት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የማስቀምጠው አጠራራቸውን ነው።

ከሁሉ በፊት መመለሻው

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው አደራ እላለሁ። የኮድ ረዳት በአንድ ጥያቄ መቶ ፋይል ሊነካ ይችላል። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን የማይፈሩት የኮዳቸው የትናንት መልክ ሁልጊዜ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ ነው። የእርስዎም ማስታወሻ እንዲሁ መመዝገብ አለበት።

በመጀመሪያ ቮልትዎን፣ ማለትም ማስታወሻዎቹ ያሉበትን ፎልደር በሙሉ፣ ገልብጠው በውጫዊ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ይክፈቱና «ሲዲ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ቮልቱ ይግቡ። «ጊት ኢኒት» ሲሉ ፎልደሩ ታሪክ መያዝ ይጀምራል። ጊት አዲስ ከሆነብዎ ስምዎንና ኢሜይልዎን አንድ ጊዜ እንዲያስገቡ ይጠይቃል። «ጊት አድ» ብለው ክፍት ቦታና አንድ ነጥብ ሲያስከትሉ ሁሉም ፋይል ለምዝገባ ይዘጋጃል፤ «ጊት ኮሚት» ደግሞ ከአጭር መግለጫ ጋር ይመዘግበዋል። መግለጫው «ረዳት ከመግባቱ በፊት» ቢሆን ከዓመት በኋላም የት እንደሚመለሱ ያውቃሉ።

አማርኛ ተጠቃሚን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ። ጊት ያልተመዘገቡ ለውጦችን ሲያሳይ በአማርኛ የተሰየመ ፋይልን በስሙ አይጠራም፤ የኋላ ሰረዝ የተቀጠለባቸው የቁጥር ረድፎችን ይደረድራል። «የ» የምትለው አንዲት ፊደል ብቻ 341፣ 213፣ 250 ተብላ በሦስት ቁጥር ትወጣለች። ፋይሉ አልተበላሸም። ጊት በነባሪ ከላቲን ውጪ ያለን ስም በዚህ መልክ ስለሚያሳይ ነው። በጊት ቅንብር (ጊት ኮንፊግ) ውስጥ «ኮር ነጥብ ኮትፓዝ» የሚለውን «ፎልስ» (ሐሰት) ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ «የስብሰባ ማስታወሻ» ራሱን ሆኖ ይታያል። ይህ ካልተስተካከለ ረዳቱ የትኛውን ፋይል እንደነካ በዓይን ማየት አይቻልም፤ ማየት ካልቻሉ ደግሞ መቆጣጠርም አይችሉም።

ኦብሲዲያን የትኛው መስኮት የት እንደተከፈተ የሚመዘግብበት ወርክስፔስ የሚባል ፋይል በቅንብር ፎልደሩ ውስጥ አለ። መተግበሪያውን በነኩ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ጊት እንዲተወው በጊትኢግኖር ፋይል ውስጥ ይጻፉት። የዚህ ፋይል ስም በነጥብ ስለሚጀምር ኦብሲዲያን ውስጥ አይታይም፤ በተርሚናል ወይም በሌላ የጽሑፍ መጻፊያ ነው የሚፈጠረው።

ቮልቱ ዋንድራይቭን ወይም አይክላውድን በመሰለ አገልግሎት በራሱ የሚገለበጥ ከሆነ ወደ ተራ ፎልደር ማዛወር ይሻላል። ሁለት ፕሮግራሞች የጊትን ታሪክ በአንድ ጊዜ ሲነካኩ ታሪኩ ሊበላሽ ይችላል።

ተርሚናሉን ኦብሲዲያን ውስጥ መክፈት

በቅንብሮች ውስጥ የማኅበረሰብ ፕለጊኖች የሚለውን ክፍል ይክፈቱ፤ ፕለጊን በመተግበሪያው ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኦብሲዲያን መጀመሪያ በተገደበ ሁኔታ ላይ ስለሚሆን ገደቡን ማንሣት ይኖርብዎታል። ሲያነሡት ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ የኦብሲዲያን ፕለጊን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሠራም፤ መተግበሪያው የሚደርስበት ፋይል ሁሉ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ የሚያስፈልግዎትን ብቻ ይጫኑ፤ ለዚህ ሥራ አንድ ይበቃል።

«ተርሚናል» የሚለውን ፈልገው ይጫኑና ያብሩት። ከዚያ ኮንትሮልና ፒን፣ በማክ ደግሞ ኮማንድና ፒን አብረው ይጫኑና በሚወጣው የትእዛዝ ዝርዝር ላይ ተርሚናል ብለው ይጻፉ። ከሚቀርቡት ምርጫዎች ውስጥ ከቮልቱ ሥር ተነሥቶ በመተግበሪያው ውስጥ የሚከፈተውን ይምረጡ። ዊንዶውስ ላይ ፕለጊኑ በትክክል እንዲሠራ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አስቀድሞ መጫን አለበት። የተከፈተውን መስኮት ወደ ቀኝ ጎትተው ያስቀምጡት፤ በግራ ማስታወሻዎ፣ በቀኝ ረዳቱ ይሆናል። እዚያው ላይ «ክሎድ» ብለው ይጥሩት። መጀመሪያ ወደ አካውንትዎ እንዲገቡ፣ ቀጥሎም ይህን ፎልደር ያምኑት እንደሆነ ይጠይቃል።

ተርሚናል እያንዳንዱን ፊደል እኩል ስፋት ባለው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። የግዕዝ ፊደላት ሰፋፊ ስለሆኑ «ጨ»፣ «ጭ» እና «ጥ»ን የመሳሰሉት እርስ በርስ ሊደራረቡ ይችላሉ። በአማርኛ መጻፍም እዚያ መስኮት ላይ አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያዎች ተነባቢውንና አናባቢውን ሳያዋሕዱ ይተዉታል። ከዚህ ጋር መታገል አያስፈልግም። ጥያቄውን በኦብሲዲያን ውስጥ በአንድ ማስታወሻ ላይ ይጻፉት፤ ማስታወሻውን ለምሳሌ «ጥያቄ» ብለው ይሰይሙት። ተርሚናሉ ላይ በአንድ አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያንን ፋይል አንብቦ እንዲፈጽም ይዘዙት። መልሱንም «መልስ» በሚባል ማስታወሻ ላይ እንዲጽፍ ይንገሩት። በዚህ መንገድ ጥያቄውም መልሱም በሚያምር ፊደል ይነበባል፣ የጠየቁትም ለሌላ ጊዜ ተቀምጦ ይቆያል።

የደንቡ ፋይል

ክሎድ ኮድ ሥራ በጀመረ ቁጥር አንድ ፋይል አስቀድሞ ያነባል። ስሙ «ክሎድ» ነው፤ በላቲን ትልልቅ ፊደላት ይጻፋል፣ ቅጥያው እንደ ማስታወሻዎቹ ኤምዲ ነው። በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። እኔ የምመክረው አጭር ደንብ ይህን ይመስላል፦

«ይህ ፎልደር የአንድ ሰው ማስታወሻ ነው፤ አብዛኛው በአማርኛ ነው።
ከ‹መልስ› በቀር ያለውን ማስታወሻ አትለውጥ። አዲስ የምትጽፈው ሁሉ ‹የረዳት ሥራ› በሚለው ፎልደር ውስጥ ይሁን።
የፋይል ስም አትቀይር፤ ፋይል አታዛውር፤ አትሰርዝ።
የፊደል አጻጻፍ አታርም። ሠን በሰ፣ ዐን በአ አትተካ።
ዓ.ም. ያለበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ አትለውጠው።
ከማስታወሻ ስትጠቅስ የፋይሉን ስም በአገናኝ አያይዝ። ማስታወሻ ውስጥ የሌለ ነገር አትጨምር።»

ስም መቀየር የተከለከለው ስለ አገናኞቹ ነው። ኦብሲዲያን ውስጥ ሆነው የአንድን ማስታወሻ ስም ሲቀይሩ መተግበሪያው ወደ እርሱ የሚያመለክቱትን አገናኞች ሁሉ አብሮ ያስተካክላል። ረዳቱ ግን ፋይሉን ከውጭ ሆኖ ነው የሚነካው፤ ስሙን ሲቀይር አገናኞቹ የድሮውን ስም እንደያዙ ይቀራሉ። ስም መቀየር ካስፈለገ ዝርዝሩን ያዘጋጅልዎት፤ የሚቀይሩት እርስዎ ይሁኑ።

የፊደል እርማት የተከለከለበት ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል። እነዚህ ሞዴሎች ያልተጠየቁትን «ማስተካከል» ይወዳሉ። «ድኅነት» ብለው የጻፉትን «ድህነት» ቢያደርገው ስለ ነፍስ መዳን የጻፉት ማስታወሻ ስለ ማጣት ይሆናል፤ እርስዎም ቶሎ አያስተውሉትም።

ደንቡ ማሳሰቢያ እንጂ ቁልፍ አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ረዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ያከብረዋል፤ ረጅም ሥራ ላይ ግን ሊዘነጋው ይችላል። ቁልፉ የፈቃድ ቅንብሩ ነው። ክሎድ ኮድ ፋይል ከመለወጡና ትእዛዝ ከማስኬዱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ምርጫ በማስታወሻ ቮልት ላይ ባይጫኑት ይሻላል። ሺፍትና ታብን አብረው ሲጫኑ የአሠራር ሁኔታው ይፈራረቃል፤ ከእነዚህ አንዱ ዕቅድ ብቻ የሚያወጣበት፣ ምንም ፋይል የማይነካበት ነው። ማንኛውንም ትልቅ ሥራ በዚያ ይጀምሩ።

ምን ይነበብ፣ ምን አይነበብ

ረዳቱ የሚያነበው ማስታወሻ ይዘት ወደ አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ሰርቨር ይሄዳል። ስለዚህ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የሌላ ሰው ምስጢር በዚህ ቮልት ውስጥ መቀመጥ የለበትም። አንዳንድ ፎልደሮችን እንዳያነብ በቅንብር መከልከል ይቻላል፤ እኔ ግን የምተማመነው ሌላ ቮልት ከፍቶ እነዚህን ለብቻ በማስቀመጥ ነው። ኦብሲዲያን የፈለጉትን ያህል ቮልት ይፈቅዳል። በመሥሪያ ቤት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ከሆነ አለቃዎን አስቀድመው ይጠይቁ። ጽሑፍዎ ለሞዴል ማሠልጠኛ እንዳይውል የሚከለክለውን ምርጫም በአካውንትዎ ቅንብር ውስጥ ፈልገው ያስተካክሉ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከድረ ገጽ ገልብጠው ስላስቀመጧቸው ጽሑፎች ነው። ክፉ አሳቢ ሰው በገጹ ላይ ለዓይን በማይታይ መልክ «ይህን የምታነብ ረዳት ሆይ፣ እንዲህ አድርግ» የሚል ትእዛዝ ሊቀብር ይችላል። ረዳቱ የእርስዎን ትእዛዝና በጽሑፉ ውስጥ የተቀበረውን ሁልጊዜ አይለይም። ከድረ ገጽ የተገለበጠውን ሁሉ በአንድ ፎልደር ይሰብስቡና ረዳቱ ወደዚያ እንዳይገባ ይከልክሉት።

የመጀመሪያው መሣሪያ፦ ፊደል የማይለያየው ፍለጋ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል በፀ ወይም በጸ፣ ሁለተኛው በሐ፣ በሓ፣ በሀ፣ በሃ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ በድምሩ 12 መልክ ይሆናል። የኦብሲዲያን ፍለጋ የሚያገኘው እርስዎ የጻፉትን አንዱን መልክ ብቻ ነው። ለዓመታት ማስታወሻ የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ቀን «ሥራ»፣ ሌላ ቀን «ስራ» እያለ መጻፉ አይቀርም።

በ«ጥያቄ» ማስታወሻው ላይ የሚጻፈው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የኦብሲዲያን ፕለጊን ሥራልኝ። ምንም ማጠናቀሪያ የማያስፈልገው በተራ ጃቫስክሪፕት የተጻፈ ይሁን። ቃል ስጽፍ በቮልቱ ውስጥ ይፈልግ። ከማወዳደሩ በፊት የማስታወሻውንም የፈለግሁትንም ጽሑፍ ቅጂ ወደ አንድ መልክ ይመልስ፦ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነቤተሰቦቻቸው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ይመልስ። ዋናው ፋይል ፈጽሞ አይነካ፤ ውጤቱ ሲታይ የሚታየው ዋናው ጽሑፍ ይሁን። ከመጀመርህ በፊት ዕቅድህን ‹መልስ› ላይ ጻፍ።»

«ከነቤተሰቦቻቸው» የሚለው ቃል እንዳይረሳ። አለበለዚያ ሐ ተስተካክሎ ሕ እና ሑ እንደነበሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ኸን ከእነዚህ ጋር መደመር አለመደመር የእርስዎ ምርጫ ነው።

ዕቅዱን ሲያነቡ ሁለት ነገር ይመልከቱ። የመጀመሪያው የቃል ወሰን ነው። በጃቫስክሪፕት የቃል መጀመሪያና መጨረሻን የሚለየው የተለመደው ምልክት የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና የሥር ሰረዝን ብቻ ነው፤ አማርኛን እንደ ፊደል አይቆጥርም። ረዳቱ ይህን ምልክት ከተጠቀመ ፍለጋው በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ በአማርኛ ባዶ ይመለሳል። ለነገሩ አማርኛ ሙሉ ቃል በመፈለግ አይሆንለትም፤ «በሥራችን»፣ «ለሥራው»፣ «ሥራና» ሁሉም እንዲገኙ የቃሉን ክፍል በየትም ቦታ የሚፈልግ ይሁን።

ሁለተኛው የመጨረሻው ፊደል ነው። «ቤት» ብለው ሲፈልጉ «ቤቱ»፣ «ቤቴ»፣ «ቤቶች» አይገኙም፤ የመጨረሻው «ት» ወደ «ቱ»፣ «ቴ»፣ «ቶ» ተለውጧልና። መፍትሔው የፈለጉትን ቃል የመጨረሻ ፊደል ብቻ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በየትኛውም መልኩ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ሁሉንም ፊደል እንዲህ ካላላው ግን ውጤቱ ይበዛና ፍለጋው ጥቅሙን ያጣል። ይህን እንደ አማራጭ፣ በአንድ ቁልፍ የሚበራና የሚጠፋ አድርጎ እንዲሠራው ይጠይቁ።

ረዳቱ ሲጨርስ ፕለጊኑ በኦብሲዲያን የቅንብር ፎልደር ውስጥ፣ ፕለጊንስ ከሚለው ሥር፣ የራሱ ፎልደር ይኖረዋል። በውስጡ ቢያንስ ሁለት ፋይል ይገኛል፦ ሥራውን የሚሠራው ሜይንና ስሙንና ቁጥሩን የያዘው ማኒፌስት። ደንቡ አዲስ ነገር ሁሉ «የረዳት ሥራ» ውስጥ እንዲቀመጥ ስለሚያዝ፣ ለፕለጊን ይህ ቦታ የተፈቀደ መሆኑን በጥያቄው ላይ ይጨምሩ። የማኅበረሰብ ፕለጊኖችን ዝርዝር አድሰው ያብሩት። ከዚያ አንድ የሙከራ ማስታወሻ ላይ «ስራ»፣ «ሥራ»፣ «አለም»፣ «ዓለም»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሐይ»፣ «በቤታችን» ብለው ይጻፉና አንድ በአንድ ይፈትኑ። ያልተገኘ ካለ የትኛው ቃል በየትኛው ፍለጋ እንዳልተገኘ ለረዳቱ በትክክል ይንገሩት፤ «አልሠራም» ብቻ ማለት አይረዳውም።

ሁለተኛው መሣሪያ፦ የዕለቱ ማስታወሻ በዓ.ም.

ኦብሲዲያን ዕለታዊ ማስታወሻን በፈረንጅ ቀን ይሰይማል። የሚፈልጉት በአንድ ትእዛዝ የዛሬውን የኢትዮጵያ ቀን ወስዶ ማስታወሻ የሚከፍት ትንሽ ፕለጊን ነው። የቀን ስሌት ረዳቶች በልበ ሙሉነት ከሚሳሳቱባቸው ሥራዎች አንዱ ስለሆነ ፕለጊኑን ከማሠራትዎ በፊት መፈተኛውን ይስጡት። እነዚህ ይበቃሉ፦

መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው።
መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው።
ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው።
ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነው።
ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይጠቅማል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት፤ ስሌቱ ይህን ካላወቀ ያቺን ቀን መስከረም 1 ይላታል፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትንም ቀኖች በአንድ ቀን ያዛባል። ጥምቀት በአንዱ ዓመት በ19፣ በሌላው በ20 መዋሉም ከዚሁ የመጣ ነው። ረዳቱ አምስቱንም የሚፈትን ትንሽ ስክሪፕት ጽፎ ያስኪድ፤ አምስቱም ካላለፉ ወደ ፕለጊኑ አይሂድ።

የሰዓት ቀጠና ሌላው ወጥመድ ነው። በጃቫስክሪፕት ቀንን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው አንዱ የተለመደ መንገድ የግሪንዊችን ሰዓት ይወስዳል። አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚከፈት ማስታወሻ የትናንትን ቀን ይይዛል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ላይ ደግሞ ስሕተቱ የሚመጣው ምሽት ላይ ነው፤ ቀኑ ሳያልቅ የነገውን ይጽፋል። «የኮምፒውተሩን የአካባቢ ሰዓት ተጠቀም» ብለው በግልጽ ይጻፉ። ቀኑ በእኩለ ሌሊት ይለወጥ ወይስ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን የሚለውንም እርስዎ ይወስኑ፤ ሌሊት የሚጽፍ ሰው ሁለተኛውን ይመርጥ ይሆናል። ይህን ካልነገሩት ረዳቱ እኩለ ሌሊትን ነው የሚወስደው።

ለፋይሉ ስም ዓመት፣ ወርና ቀን በቁጥር ተራ ቢሆኑ ዝርዝሩ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራል። ነገር ግን 2017-05-11 ብቻ ቢባል የሜይ 2017 የፈረንጅ ቀን ነው ወይስ የጥር 2017 ዓ.ም. ጥምቀት? ቀድሞ በፈረንጅ የተሰየሙ ማስታወሻዎች ካሉዎት አይለይም። ከፊቱ «ዓም» የሚል ይጨምሩ።

ለውጡን ማየትና መመዝገብ

ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ «ጊት ዲፍ» ይበሉ፤ የወጣው መስመር በቀይ፣ የገባው በአረንጓዴ ይታያል። አዲስ የተፈጠሩ ፋይሎች ደግሞ በ«ጊት ስታተስ» ይዘረዘራሉ። የማይጠብቁት ማስታወሻ ስም እዚያ ካዩ ይቁሙና ምን እንደነካ ያንብቡ። ትክክል ከሆነ በአጭር መግለጫ ይመዝግቡት፤ ካልሆነ «ጊት ሪስቶር» ብለው የፋይሉን ስም ሲያስከትሉ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሁለት ሥራ ሳይመዘገብ ባይደራረብ ጥሩ ነው፤ አንዱን መልሶ ሌላውን መተው ያስቸግራል።

ስለ ወጪና ስለ ራስ ኮምፒውተር

ሞዴሎች ጽሑፍን የሚቆጥሩት ቶክን በሚባል ቁራጭ ነው፤ ክፍያውም ገደቡም በዚያ ይሰላል። የቁራጮቹ ዝርዝር የተዘጋጀው በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ወይም ሁለት ቶክን ሲሆን የአማርኛው ቃል ብዙ ቦታ ይበጣጠሳል። ስለዚህ «ቮልቱን ሁሉ አንብበህ» የሚል ጥያቄ በአማርኛ ሲሆን ውድ ነው። የትኛውን ፎልደር እንደሚያነብ ይወስኑለት። ከላይ ያሠራነው ፍለጋም እዚህ ገንዘብ ይቆጥባል፤ የሚፈልጉትን ሦስት ማስታወሻ እርስዎ በነጻ አግኝተው ለረዳቱ እነዚያን ብቻ ማሳየት ይችላሉ።

ለመክፈል ካልቻሉ ወይም ማስታወሻዎ ከኮምፒውተርዎ እንዲወጣ ካልፈለጉ ኦላማ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሞዴሎችን በራስ ማሽን ላይ ያሠራል። ኮድ ለመጻፍ ከተዘጋጁት ውስጥ ኩዌን 2.5 ኮደር ባለ 7 ቢሊዮኑ ሲወርድ 4.7 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፣ 16 ቢሆን ይመረጣል። አንድ ጊዜ ከወረደ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኤይደር ወይም ኦፕንኮድ የሚባሉት ክፍት ረዳቶች ከኦላማ ጋር ይሠራሉ፤ ኤይደር እንዲያውም እያንዳንዱን ለውጥ በራሱ በጊት ይመዘግባል። የዚህ መጠን ሞዴሎች አማርኛቸው ደካማ ነው፤ ማስታወሻ እንዲያጠቃልሉ አይመኑባቸው። ትንሽ ኮድ ግን ይጽፋሉ። ጥያቄውን በቀላል እንግሊዝኛ፣ የፊደሎቹን ዝርዝርና የቀን መፈተኛዎቹን እንዳሉ አድርገው ይስጧቸው፤ ሥራውንም በትንንሹ ይከፋፍሉት፦ መጀመሪያ ፊደል የሚመልሰውን ክፍል፣ ቀጥሎ ፈላጊውን፣ በመጨረሻ መስኮቱን።

ስልክ ላይ

የተርሚናል ፕለጊኑና ረዳቱ በኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚሠሩት። የተሠሩልዎት ሁለቱ ፕለጊኖች ግን ስልክ ላይም ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሁለት ነገር ከተሟላ። በማኒፌስቱ ውስጥ ለኮምፒውተር ብቻ መሆኑን የሚናገረው መስመር «ፎልስ» መሆን አለበት፤ ኮዱም ፋይል የሚያነበው በኦብሲዲያን የራሱ መንገድ እንጂ ኖድ በሚባለው የኮምፒውተር መሣሪያ መሆን የለበትም። ይህን ከመጀመሪያው በጥያቄዎ ላይ ይጻፉት፤ በኋላ ለማስተካከል ኮዱን በብዛት መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ የፕለጊኑን ፎልደር ወደ ስልኩ ቮልት ተመሳሳይ ቦታ ገልብጠው ኦብሲዲያንን ዘግተው ሲከፍቱት በዝርዝሩ ላይ ይመጣል።